ጋቢ በመጋቢት

ይኼ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዳማ፣ የጉሮሮ ካንሰር ታክመው ላገገሙ ሰዎችና ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች ያወራሁት ነው። "በጽሑፍ አድርግልን" ያሉኝ ስላሉ እንዳወራሁት አድርጌ ጻፍኩት። መሀል ላይ መብራት ስለጠፋ ስላይዱን ማንም አላየውም። ምንም አልቀረባችሁም።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ እዚህ ፊት ለፊት ሦስት አለ፣ አትፈሩ፣ ኑ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ደም ይመጣልኛል፣ አሽከረክረዋለሁ፣ ማሽን ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ቁጥር ይወጣል። ከሰው ጋር የምተዋወቀው ቱቦ ላይ በተለጠፈ ስም ነው። ስለዚህ ስጨርስ መድኃኒት እዘዝልኝ እንዳትሉኝ። እኔ ማዘዝ የምችለው ሻይ ብቻ ነው።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ጋቢ ላወራችሁ ነው።

የአዳማን መጋቢት ታውቁታላችሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ውሻ እንኳ የቆመ ባጃጅ ሥር ገብቶ ነው የሚተኛው። እንግዲህ በዚያ ሙቀት አጎቴ በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ከጋቢው ሥር ሹራብ አለ። እግሩ ላይ ካልሲ። እኔ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ እሱ "በሩን ዝጋው እስቲ፣ ንፋስ ገባ" ይለኛል። እኔም ዘጋሁት። ዘግቼው ሻዬን ጠጣሁ፣ ወሬ አወራን፣ ተሰናብቼ ሄድኩ።

ይቺን ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

አጎቴ የእህል ደላላ ነበር። የሚኖረው በድምፁ ነው። ከበረንዳው ጫፍ ሆኖ ዋጋ ሲጠራ እዚያ ማዶ ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰማው ነበር። ሲጋራም ያጨስ ነበር፣ ብዙ። ማታ ማታ ደግሞ አረቄውን አይተውም። አንድ ቀን ድምፁ ሻከረ። ብርድ ነው ተባለ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር ሆነው። አክስቴ "እንጥሉ ወርዶበት ነው" አለች። የሚያስቆርጥለት ሰው ሁሉ ፈልጋ ነበር፣ ደግነቱ እሱ ምላጭ ይፈራል። ማር በዝንጅብል፣ የሳል ሽሮፕ፣ ጸበል፣ ሁሉም ተሞከረ። ሦስት ወር አለፈ። ቀጥሎ አንዱን ጆሮውን ያመው ጀመር፤ ጆሮው ሲታይ ግን ምንም የለበትም። የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሲሄድ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገቡለት። ናሙና ተወሰደ። የማንቁርት ካንሰር ነው፣ አንገቱ ላይ ያለችው እጢም አብጣለች ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ፣ በተለይ የሚያጨስ ሰው ከሆነ፣ ሐኪም ጉሮሮውን በዓይኑ ማየት አለበት። ውጭ ሆኖ በግምት አይደለም፣ በዓይኑ። አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ መዋጥ ማቃት፣ ጆሮው ሳይታመም የሚሰማ የአንድ ጎን የጆሮ ሕመም፣ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። የጆሮዋ ነገር ሰውን ታሳስታለች። የጉሮሮና የጆሮ ነርቭ ዝምድና ስላላቸው ሕመሙ ከታች ተነስቶ ላይ ይሰማል።

(መብራት የጠፋው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን በሁለት ስልክ መብራት ወረቀት ላይ እየሣልኩ ነው የቀጠልኩት። ሥዕል አልችልም። አንዲት እናት የሣልኩትን ማንቁርት አይታ "ይኼ ጀበና ነው እንዴ?" አሉ። እውነትም ጀበና ይመስል ነበር።)

"ጉሮሮ" የምንለው ቃላችን በጣም ሰፊ ነው። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ሰው "የጉሮሮ ካንሰር አለብኝ" ሲል አራት የተለያየ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። ከአፍ ጀርባ ያለው የላይኛው ጉሮሮ አለ። ቀጥሎ ድምፅ የሚወጣበት ማንቁርት አለ፣ ወንዶች ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው። ከማንቁርቱ ኋላ ቁልቁል የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ነው። ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ ታማሚዎች ላይ በብዛት የሚታየውና እዚህ አካባቢ ሁላችንም አንድ የምናውቀው ሰው ያለቀበት ይኼኛው ነው። ስለ እሱ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ፦ በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል አስታውቋል። ትንሽ ይብረድ። አራተኛው ደግሞ ታይሮይድ ነው።

ታይሮይድ ማለት ከማንቁርቱ ዝቅ ብላ የአየር ቧንቧውን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያቀፈች ዕጢ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። ስታብጥ እንቅርት እንላታለን። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር የለበትም፣ አብዛኛው የለበትም። ራሷ ታይሮይድ ካንሰር ቢይዛት እንኳ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ታክሞ የሚድን ነው። የማንቁርት ካንሰር ሌላ፣ የታይሮይድ ካንሰር ሌላ። ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።

ዛሬ ግን የማወራው ስለዚህ ጉርብትና ነው። ጎረቤት ቤት እሳት ሲነሳ ያንቺም አጥር ይለበለባል።

አጎቴ አዲስ አበባ ሄዶ ጨረር ተደረገለት። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ስለነበር የወረፋውን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሰባት ሳምንት፣ 35 ጊዜ። ማንቁርት ላይ የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን በአብዛኛው ከ60 እስከ 70 ግሬይ ይደርሳል፤ ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። የአንገት እጢዎቹም አብረው ስለሚመቱ ጨረሩ አንገቱን ከላይ እስከ ታች ያዳርሳል። ታይሮይድ ደግሞ መንገድ ላይ ናት። አንገቱ ቆዳው ጠቆረ፣ ተላጠ፣ ምራቁ ደረቀ፣ አጥሚት ብቻ እየጠጣ ከረመ። ግን ካንሰሩ ጠፋ። ድምፁ እንደ ድሮው ባይሆንም ተመለሰ። በግ ታረደ።

ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ ሰውዬው እየደበዘዘ መጣ።

ሌላ ቃል የለኝም። ደበዘዘ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነስቶ አምስት ሰዓት ላይ መልሶ ይተኛል። ፊቱ አበጥ አበጥ አለ። ሆዱ በሳምንት አንዴ ነው የሚወጣው። ሳይበላ ይወፍራል። ቆዳው እንደ ክረምት እግር ተሰነጣጠቀ። ስታናግሩት መልሱ የሚመጣው ሩቅ አገር ደርሶ ነው፤ አክስቴ "አንተ ሰውዬ፣ ትሰማለህ ወይስ ግድግዳውን ነው የማወራው?" ትለው ነበር። ዕቁብ ይረሳል፤ ደላላ ሰው! በመጋቢት ጋቢ ይለብሳል።

ሁላችንም የየራሳችን ምርመራ ነበረን። አክስቴ "ካንሰሩ ተመልሷል፣ ደብቀውኝ ነው" አለች። ልጁ "ድብርት ነው፣ ሥራ ስለተወ ነው" አለ። ጎረቤት "ዓይን ነው" አለ። እሱ ራሱ "የባሰ አታምጣ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ" ይላል። ለክትትል ሦስት ጊዜ ሄደ፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ምን ይጠቅማል። ሦስቱንም ጊዜ ጉሮሮውን በካሜራ አዩትና "ንጹሕ ነው፣ እግዚአብሔርን አመስግን" ብለው ሸኙት። ጉሮሮውን በደንብ አይተዋል፤ ውሸት የለም። አንድ ዘለላ ደም ግን ማንም አልቀዳለትም።

እነሱን ከመውቀሴ በፊት ግን ራሴን ልውቀስ። እኔ ሥራዬ ምንድን ነው? ቀኑን ሙሉ የታይሮይድ ምርመራ እሠራለሁ! በሳምንት ስንቱን ቱቦ አሳልፋለሁ። አጎቴ ግን በቱቦ አልመጣም፣ በጋቢ ነው የመጣው። ስምንት ወር ሙሉ በሩን እየዘጋሁ ሻዬን ጠጣሁ።

የነቃሁት በሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ምሳ ላይ ስለ እሱ ሳወራ "አንገቱ ላይ ጨረር ወስዷል አላልክም?" አለችኝ። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ማታውኑ መርፌና ቱቦ በኪሴ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። በነጋታው ማሽኑ 74 አለ። አላመንኩም። ደግሜ አስገባሁት። 74።

አሁን ይኼ ቁጥር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ምርመራው ቲ ኤስ ኤች ይባላል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው፤ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል። ብዙ ሰው 74ን ሲሰማ "ታይሮይዱ በዝቶ ነው" ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። የከሰል ምድጃ አስቡ። ከሰሉ ታይሮይድ ናት፣ ሙቀቱ ሆርሞኑ ነው። ከጎን ቁጭ ብላ ማራገቢያ የያዘችው ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ናት። ቲ ኤስ ኤች የማራገቢያው ንፋስ ነው። ከሰሉ ደህና ከተቀጣጠለ ቀስ ብላ ታራግባለች። ከሰሉ ሲከስም ትበረታለች። ሲጠፋ በሁለት እጇ ታራግባለች። 74 ማለት ክንዷ እስኪዝል እያራገበች ነው፣ ምድጃው ግን አመድ ሆኗል ማለት ነው።

ሆርሞኑ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቲ4፣ አራት አዮዲን የያዘው። ሌላው ቲ3፣ ሦስት የያዘው። ቲ4 ስንቅ ነው፣ ሰውነት አንዱን አዮዲን ቀንሶ ቲ3 ሲያደርገው ሥራ ይጀምራል። ልብ በምን ፍጥነት እንደሚመታ፣ አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ሰውነት ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ሁሉም ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሲጎድል ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ነው ሕመሙ ስም አልባ የሚሆነው። ድካም፣ ድርቀት፣ ብርድ፣ መርሳት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ እርጅና ይመስላል።

አንገታቸው ላይ ጨረር ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል ከ100 ከ20 እስከ 50 የሚሆኑት ውሎ አድሮ ይኼ ይደርስባቸዋል። ቀልድ አይደለም፣ እስከ ግማሽ ነው። በብዛት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ዘግይቶ ይመጣል። በቀዶ ሕክምና ማንቁርቱ ሲወጣ የታይሮይዱ አንዱ ክንፍ አብሮ የተነሳለት፣ ከዚያ ጨረር የተጨመረበት ደግሞ የበለጠ ተጋላጭ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኼ ነው፤ ቃል በቃል። ስለዚህ የክትትል መመሪያዎች አንገቱ ጨረር የተመታ ሰው በየ6 እስከ 12 ወሩ ቲ ኤስ ኤች ይለካ ይላሉ። መመሪያው አለ። ከመመሪያው እስከ ቀጠሮ ካርዱ ያለው መንገድ ነው ረጅሙ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ስዊዘርላንድ በርን ከተማ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። አገሩ ተራራ ነው፣ አፈሩ አዮዲን የለውም፣ እንደ እኛ ደጋ እንቅርት የበዛበት። ሰውየው እንቅርት በማውጣት ወደር አልነበረውም። ከዚያ ግን የድሮ ታካሚዎቹን መልሶ ጠርቶ ሲያይ ደነገጠ። ታይሮይዳቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ፊታቸው አብጦ፣ አእምሯቸው ዘግይቶ፣ ደንዝዘው አገኛቸው። በ1883 እ.ኤ.አ. ይኼንን ሳይደብቅ በአደባባይ ተናገረ። የኖቤል ሽልማት በ1909 ሲሰጠው እኔ ብሆን ግማሹን የምሰጠው ለዚያች መልሶ ለመጥራቷ ነበር። ዳነ ብለህ የሸኘኸውን ሰው ጠርቶ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔውም ቶሎ መጣ። በ1891 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ የበግ ታይሮይድ ጨምቆ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ነቃች። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች፣ ስንት በግ እንዳለቀ አስቡት። በ1914 የገና ዕለት ኤድዋርድ ኬንዳል አሜሪካ ውስጥ ሆርሞኑን ለብቻው ነጥሎ አወጣው። ዛሬ በፋብሪካ ይሠራል፤ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። ትንሽ ክኒን ናት። በቀን አንዴ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ከእናንተ መሀል የሚያነቡ አሉ፣ ልጆቻችሁ ስልክ ላይ አይተው የሚነግሯችሁም አሉ። "የታይሮይድ ሆርሞን ካንሰርን ይመግባል፣ ተዉት" የሚል ወሬ አለ። ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሆርሞኑ በሴሎች ላይ በሚገኝ ኢንተግሪን በሚባል በር መሰል ነገር ላይ እንደሚያርፍ አሳዩ። ይኼ በር የካንሰር ሴሎች ላይ በዛ ብሎ ይገኛል፣ በላብራቶሪ ሳህን ላይም ሆርሞኑ አንዳንድ የካንሰር ሴሎችን ሲያበረታታ ታይቷል። በ2006 ደግሞ ከአሜሪካ የወጣ ጥናት የአንገትና የራስ ካንሰር ታክመው ታይሮይዳቸው የደከመባቸው ሰዎች ካልደከመባቸው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖሩ አለ። ሁለቱን ስትገጥሟቸው ነገሩ ይመስላል። ሆርሞን ሲቀንስ ካንሰሩ ተራበ፣ ሰውየው ኖረ።

እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ታይሮይድ በጨረር የምትደክመው በአንድ ቀን አይደለም፣ ዓመትና ሁለት ዓመት ይፈጅባታል። ታዲያ ታይሮይዱ እስኪደክም የቆየው ማነው? የኖረው ሰው ነዋ። በስድስት ወሩ ያረፈው ሰው ዕጢው ለመድከም ጊዜ አላገኘችም፣ ስለዚህ "ታይሮይዱ ደህና" ከሚባሉት ጋር ይቆጠራል። ሽበት ያላቸው ሰዎች ከሌላቸው ይልቅ ዕድሜያቸው ረዝሟል ብትሉ ልክ ናችሁ፤ ግን ሽበቱ አይደለም ያኖራቸው። ተመራማሪዎች ይኼን ወጥመድ ያውቁታል፣ በሒሳብ ሊያርሙትም ይሞክራሉ። ወሬው ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ግን ይኼ ክፍል ተቆርጦ ነው የሚመጣው።

በሌላ በኩል ደግሞ ይኼ አለ። ከጨረር በኋላ ካንሰሩ ተመልሶባቸው ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከቀዶው በኋላ ታይሮይዳቸው የደከመባቸው ቁስላቸው እየተከፈተ ምራቅ በአንገታቸው የመፍሰሱ ችግር በዝቶባቸው ተገኝቷል። ቁስል ለመዳን ሆርሞኑን ይፈልጋል። አያችሁ? ያው አንድ ሆርሞን ነው። በሳህን ላይ ክፉ ይመስላል፣ ቁስል ላይ ደግሞ ሲጎድል ያስለቅሳል። እና ዛሬ ያለው አሠራር ምንድን ነው? በግልጽ የጎደለበት ሰው ይተካለታል። የሚተካው የጎደለውን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይደለም። በሩ ላይ ያለው ምርምር ይቀጥል፣ ጥሩ ነው፤ አጎቴን ግን በጥናት ተስፋ ጋቢ ውስጥ አላስቀምጠውም።

እዚህ ላይ ሌላ ግራ መጋባት አለ። ራሷ ታይሮይድ ካንሰር የያዛት ሰው አንዳንዴ ሆርሞኑ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ይሰጠዋል፣ ማራገቢያዋ እንድታርፍና የቀረ የካንሰር ሴል ካለ እንዳታነቃቃው። ያ ለታይሮይድ ካንሰር ነው። የማንቁርት ካንሰር የነበረበት ሰው ያንን ሰምቶ የጎረቤቱን መጠን እንዳይወስድ። ክኒኗ አንድ ዓይነት ስለሆነች በሽታው አንድ አይደለም።

አጎቴ መድኃኒቱን ጀመረ። ልቡን ተመርምሮ፣ በትንሽ መጠን፣ ቀስ እያለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሙን ወሰድኩ። 58። መጠኑ ጨመረ። እንደገና ስድስት ሳምንት። 51። ግራ ገባን። ሐኪሙም ግራ ገባው። "ይውጣል?" ሲለኝ "አክስቴ በእጇ ነው የምትሰጠው" አልኩት።

አንድ እሑድ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። አክስቴ ቡና ታፈላለች። ጭሱ፣ ቄጠማው፣ ፈንዲሻው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። አቦሉ ተቀዳ። አክስቴ ከቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት ቦታ መድኃኒቱን አነሳች። አንዷን ክኒን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። እሱ ክኒኗን አፉ ውስጥ ጣል አደረገና በትኩስ ቡና አወራረዳት። በየቀኑ! በፍቅር! ያቺ ምስኪን ክኒን ሦስት ወር ሙሉ ቡና ውስጥ ስትዋኝ ነው የከረመችው።

ቡና ይኼን መድኃኒት አንጀት በደንብ እንዳይቀበለው ያደርጋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ይኼን ያጠኑት ጣልያኖች ናቸው፣ እነሱም የጠዋት ቡናቸውን የማይተዉ ሕዝብ ናቸው። ክኒኗ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ትዋጣለች፤ ከዚያ ቡናውም ቁርሱም ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። የደም ማነስ የአይረን ክኒንና ካልሲየም ደግሞ አራት ሰዓት ይራቁ። የጨጓራ መድኃኒት የምትወስዱ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ጾመኞች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አትጨነቁ፤ ማታ ራት ከተበላ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲተኙ መውሰድም ይቻላል፣ ብቻ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ሰዓት ጽኑ። ቦታውም ለውጥ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት አይወድም። የአዳማ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ የሚመታው ቡፌ ላይ ማለት ምጣድ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለና ጨለም ያለ ቦታ ፈልጉላት።

ሌላም ከላብራቶሪ በኩል። መድኃኒት ሲጠፋ ሰው ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞርና ያገኘውን ይገዛል። ብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 25 አለ፣ 50 አለ፣ 100 አለ፣ ሁሉም ማይክሮግራም ነው። "ያው ነው" ተብሎ 100 የተሰጠው ሰው ልቡ ሲመታ ያድራል። የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን፣ ባዮቲን የሚባለውን፣ የምትወስዱም ደም ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩን፤ በአንዳንድ ማሽን ላይ ውጤቱን ያዛባብናል። እኛ ካልነገራችሁን አናውቅም፣ ቱቦው አይናገርም።

አጎቴ ቡናውን ካዘገየ ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ 6 ገባ። መጠኑ ትንሽ ሲስተካከል 2.8። አንድ ቀን ደውሎ "ያቺ ዕቁብ ላይ የቀረችብኝ ብር" ብሎ ሲጨቃጨቀኝ ነው መመለሱን ያወቅኩት።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄ እሄዳለሁ። ድካም ሁሉ ታይሮይድ አይደለም። ደም ማነስ አለ፣ በቂ አለመብላት አለ፣ እውነተኛ ድብርት አለ፣ ካንሰሩም ሊመለስ ይችላል። እኔ የምለው ታይሮይድ ነው ብላችሁ ደምድሙ አይደለም፤ ሳይለካ አይታለፍ ነው።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን ልጻፍ።

አንድ አባት "ጎመን ለታይሮይድ ክፉ ነው ይባላል፣ እኔ ደግሞ ያለ ጎመን አልኖርም" አሉ። አባባ፣ ይብሉ። በደንብ የበሰለ ጎመን፣ አዮዲን ያለው ጨው ለሚጠቀም ሰው፣ የሚያሳስብ ነገር አይደለም።

ያኔ አንድ ወጣት ተነሳና "ታዲያ ጨው ብናበዛ ዕጢዋ አትድንም?" አለ። የጨው አዮዲን የሚያስፈልገው ዕጢዋ ጤነኛ ሆና ጥሬ ዕቃ ላጠራት ሰው ነው። ለዚህ ነው በ2003 ዓ.ም የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ያለው። በጨረር የተጎዳች ዕጢ ግን ችግሯ ጥሬ ዕቃ አይደለም። ምጣዱ ከተሰነጠቀ ሊጥ ብታበዙበት እንጀራ አይወጣም። ጨዉን ግን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ አዮዲኑ በእሳትና በአየር ይጠፋል።

ስለ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ ተጠየቅኩ። ክኒኗን እስካልተኩ ድረስ ከእኔ ጋር ጠብ የላቸውም።

መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት እጇን ሳታነሳ ተናገረች። ባሏ አምና ነው ጨረር የጨረሰው። "እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። እግሬን ብርድ ይዞኛል ይለኛል። እኔ ከእኔ ጋር መሆን ሰልችቶት ነው ብዬ…" ብላ አቆመች። አዳራሹም ዝም አለ። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ማክሰኞ ነው። የቀጠሮ ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ሦስቱን ፊደላት ከካርዱ ጀርባ ላይ ጻፍኩላትና "ሐኪሙ ራሱ ካላነሳው ይቺን አሳዪው" አልኳት። ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ በስልኳ መብራት ደጋግማ አነበበችው።

ከኋላ ወንበር አጎቴ ተነሳ። መምጣቱን አላየሁም ነበር። በዚያ በሻከረ ድምፁ፣ አዳራሹን ሙሉ በሚሰማ ደላላ ድምፅ፣ "እህቴ" አላት፣ "ክኒኗ ምንም አይደለች። ቡናው እየሸተተ አንድ ሰዓት መቀመጡ ነው መከራው።"